የጉግሳ በረዶ

አስፋልቱ የጫማ ሶል በሚያቀልጥበት የቴክሳስ ነሐሴ ጉግሳ በረዶ ይሠራ ነበር። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቹ ሥራህ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁት ለማስረዳት ያልሞከረው ነገር የለም፤ እህቱ በስልክ «እንግዲህ በረዶ ትሸጣለህ ማለት ነው» ስትለው ግን ደከመውና «አዎ፣ እሸጣለሁ» ብሎ ተገላገለ። ነገሩ እንዲህ ነው። ዩለስ በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ብዙም ሳይርቅ፣ መጋዘን የሚያህል አዳራሽ አለ። ወለሉ ሥር ቧንቧ ተዘርግቷል፤ በቧንቧው ውስጥ እጅግ የቀዘቀዘ የጨው ውኃ ይዞራል፤ ከላይ ውኃ ሲፈስበት በረዶ ይሆናል። በዚያ በረዶ ላይ ልጆች ስለት ባለው ጫማ እየተንሸራተቱ ሆኪ ይጫወታሉ። ይህን ሁሉ የሚያቀዘቅዙትን ሁለት ኮምፕሬሰሮች የሚጠብቀው፣ በየእረፍቱም ትልቁን መኪና እየነዳ የተቦጫጨረውን በረዶ ልጦ አዲስ ውኃ የሚያለብሰው ጉግሳ ነበር።

ለብርድ ሥራ አዲስ አልነበረም። አዲስ አበባ ቄራ፣ የሥጋ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ አሥራ አራት ዓመት አገልግሏል። በዲቪ ሎተሪ መጥቶ የመጀመሪያውን ዓመት ቪከሪ ሜዶ በሚባል የስደተኞች ሰፈር ካሳለፈ በኋላ የበረዶ ሜዳው ሥራ አስኪያጅ «አሞኒያ፣ የማቀዝቀዣውን ጋዝ፣ ታውቃለህ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ «ከሚስቴ በፊት የማውቀው እሱን ነው» አለ። ሰውዬው ሳቀና ቀጠረው። በበረዶው ደግሞ ይኮራ ነበር፤ በዚያ አካባቢ የሚጫወቱ ቡድኖች ሁሉ ፈጣኑ በረዶ የዩለሱ ነው ይሉ ነበርና፣ ይህን የሰማ ቀን ቤቱ የሚገባው ደረቱን ነፍቶ ነው።

ሚስቱ የትምወርቅ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ በዊልቸር መንገደኛ ትገፋለች። ፈረቃዋ ከሰዓት ስለሆነ ልጃቸውን ሕዝቅያስን ከትምህርት ቤት መልስ የሚይዝ ሰው አልነበረም፤ አባትየው ይዞት ሥራ ይሄዳል። ልጁ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ከሰዓት ሜዳው ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ስላለ፣ ጉግሳ ተረስተው የቀሩ ዕቃዎች ከሚጠራቀሙበት ሣጥን ጫማ አውጥቶ አሰረለትና «እዚሁ ዙር፣ ከዓይኔ እንዳትጠፋ» አለው። በሦስተኛው ወር ልጁ ወደ ኋላ መንሸራተት ቻለ። በስድስተኛው ወር ዱላ ይዞ፣ ፓክ የሚሏትን ጥቁር የጎማ ክብ ብቻውን እየገፋ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ይመላለስ ጀመር። ኮች ራንዲ የሚባል፣ አፍንጫው ሁለት ጊዜ የተሰበረ ካናዳዊ አሰልጣኝ አንድ ቀን በመስታወቱ በኩል ቆሞ ሲያየው ቆየና «ይህ የማን ልጅ ነው?» አለ። ጉግሳ መጥረጊያውን ይዞ ነበር፤ «የኔ» ሲል ድምፁ ከጠበቀው በላይ ጮኾ ወጣ።

ተከላካይ አደረጉት፤ ወደ ኋላ ሲንሸራተት የሚደርስበት አልነበረማ። ተከላካይ ማለት እንግዲህ ኋላ ቀርቶ በረኛውን የሚጠብቅ ነው። ሕዝቅያስ ግን ያደገው የሚያቀብለው ሰው በሌለበት ባዶ ሜዳ ነው፤ ፓኳን ካገኘ ራሱ ይዟት መሄድ እንጂ ሌላ አያውቅም። አንዱን ያልፋል፣ ሁለተኛውን ያልፋል፣ ያገባል፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ዞሮ ወደ ቦታው ይመለሳል። ኮች ራንዲ መጀመሪያ ጮኸበት፤ ጎሉ ሲበዛ ጩኸቱን ተወ። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስምንት መኸር፣ እስከ አሥራ ስድስት ዓመት ባለው ቡድን ውስጥ፣ በመጀመሪያዎቹ አሥር ጨዋታዎች ዘጠኝ ጎል አገባ። ተከላካይ ነው እኮ! አጥቂዎቹ እንኳ እዚያ አልደረሱም። ጓደኞቹ ስሙ ቢከብዳቸው «ሄዝ» ይሉታል፤ ወላጆች ሁሉ ተነሥተው «ሄዝ! ሄዝ!» ሲሉ ጉግሳ መስታወቱን በቡጢ እየነረተ «ሕዝቅያስ!» ይላል፣ አንድም ፊደል ሳይቀንስ።

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው፤ የሰውየው ጣጣ የተጀመረው ከዚያ ነውና።

በ1993 ዓ.ም. ጥቅምት፣ አዲስ አበባ ፖስታ ቤት አጠገብ፣ ሕዝቡ የሎተሪውን ማመልከቻ እያንዳንዱ በጉልበቱ ላይ እያስደገፈ ይጽፍ ነበር። ጉግሳ የሰው እጅ አያምንምና የራሱን ራሱ ጻፈ። የልጁ ልደት ጋ ሲደርስ አላመነታም፤ ሕዝቅያስ የተወለደው በኅዳር ሚካኤል ነው፣ ኅዳር 12 ቀን 1984። ኅዳር ሦስተኛ ወር ነው። ፈረንጅ ወሩን ያስቀድማል፤ ስለዚህ ሦስት፣ ከዚያ አሥራ ሁለት። ዓመቱንስ? በሰልፉ ላይ ከፊቱም ከኋላውም ያለው ሰው «ስምንት ደምርበት» አለው። ደመረበት። 3/12/1992 ብሎ ጻፈ፤ በፈረንጅ አፍ ማርች አሥራ ሁለት፣ ዘጠና ሁለት ማለት ነው።

ሎተሪው ሲወጣለት አንድ የተማረ ጎረቤቱ ወረቀቱን አየና «ጉግሳ፣ ኅዳር እኮ በነሱ ኖቬምበር ነው፤ እስከ ዲሴምበር ማብቂያ ድረስ ደግሞ የሚደመረው ሰባት ነው። ልጅህ የተወለደው ኖቬምበር ሃያ ሁለት፣ ዘጠና አንድ ነው» አለው። ጉግሳ በጣቱ ቆጠረ። «አራት ወር ናት» አለ። «ደግሞስ ኅዳርም መጋቢትም ያው ሰማንያ አራት አይደለም?» ለእሱ ዓመት የሚለወጠው በመስከረም ነው፤ ክረምት ወጥቶ አደይ ሲፈነዳ። በብርድ መሐል፣ በዲሴምበርና በጃኑዋሪ መካከል ዓመት ይቆረጣል ቢሉት ልብ ብሎ አይሰማም ነበር። ደግሞ ወረቀት ሁሉ እርስ በርሱ ካልተስማማ ቪዛ የለም። ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የልደት ምስክር ወረቀት ሲያወጣ በአማርኛው በኩል ኅዳር 12 ቀን 1984 ተብሎ ተጻፈ፤ በእንግሊዝኛው በኩል ግን ጸሐፊዋን ለምኖ ከማመልከቻው ጋር የሚገጥመውን አስጻፈ። ከዚያ ረሳው። ቤት ውስጥ ልጁ ልደቱን በኅዳር ሚካኤል ያከብራል፤ በማርች ደግሞ ትምህርት ቤት ኬክ ይቆረስለታል። ልጁም እናቱም ኖቬምበሩ የበዓሉ፣ ማርቹ የወረቀቱ ነው ብለው ተቀብለውት ኖሩ።

እስከ ጥቅምት ማለቂያ፣ በፈረንጅ 2008። የዕረፍት ሰዓት ነበር። ጉግሳ መኪናውን አቁሞ ሲወርድ የበረኛው አባት፣ ዴል የሚሉት ሣቂታ ሰው፣ አጠገቡ መጣና ስለ አንድ የፎርት ዎርዝ ልጅ ያወራው ጀመር። ልጁ የተወለደው በዘጠና አንድ ዲሴምበር የመጨረሻዋ ቀን ላይ ነው። «እናቱ ጥቂት ሰዓት ብትታገስ ኖሮ ከኛ ጋር ይጫወት ነበር፤ አሁን ከትልልቆቹ ጋር እየተደበደበ ነው» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ጉግሳም አብሮት ሳቀ። ከዚያ «እንዴት?» አለው። ዴል አስረዳው፦ ይህ ቡድን ከጃኑዋሪ አንድ ዘጠና ሁለት ወዲህ የተወለዱት ነው። ከዚያ በፊት በአንድ ቀንም ቢሆን የተወለደ እዚህ ከተገኘ ቡድኑ ያሸነፈው ሁሉ ይሰረዛል።

ጉግሳ እታች ኮምፕሬሰር ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ። ያቺ ከቁም ነገር ያልቆጠራት አራት ወር በጃኑዋሪ አንድ ላይ ተጋድማ ኖሯል፤ ግማሿ ወዲህ፣ ግማሿ ወዲያ። ከላይ እግርና ዱላ ይንኳኳል፤ ከዚያ ጩኸት፣ «ሄዝ! ሄዝ!» አሥረኛው ጎል ነበር።

በማግሥቱ ሩቅ ያለችው ሜስኪት ከተማ ድረስ ነድቶ ጋሽ ወልዴ ዘንድ ሄደ። ጋሽ ወልዴ ቀደም ብለው የመጡ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለሰው ሁሉ ፎርም የሚሞሉ ሽማግሌ ናቸው። ጠበቃ አይደሉም፤ ግን ከጠበቃ ይልቅ ይታመናሉ።

«ጋሽ ወልዴ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ ነበር። የልጄ ልደት ስህተት አለበት። አራት ወር።»

ጋሽ ወልዴ መነጽራቸውን አወለቁ። «ግሪን ካርዱ ላይ?»

«ሁሉም ላይ።»

«ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«ኦኬ። ሶ፣ ማንም አይወቅ። ስማኝ ጉግሳ፣ አንዴ ፋይል የገባ ወረቀት አይነካም። ይቺን ኮሬክት ላድርግ ስትል፣ ሌላስ ምን ዋሽተሃል ይሉሃል። ያንተ ይከፈታል፣ የሚስትህ ይከፈታል። ኢንተርቪው ላይ እጅህን አንሥተህ ምለሃል እኮ! ስንቱን ያየሁ ሰው ነኝ።»

«እኔ እንኳ ኢሚግሬሽን ልሄድ አይደለም። ለሆኪው ብዬ ነው።»

«ለምኑ?»

«ለሆኪ። ልጁ የሚጫወተው፣ በበረዶ ላይ…»

«ማለቴ፣ ለጨዋታ ብለህ ነው ቤትህን የምታፈርሰው?» አሉና ሽማግሌው በቁጣ ተነሡ። «አፍህን ይዘህ ልጅህን አሳድግ።»

ደግ ሰው ናቸው፤ ክፉ አላሰቡም። ግን የማያውቁትን ነገር በሚያውቁት ለክተው ፈረዱ፤ ጉግሳም እንደ ቃለ እግዚአብሔር ተቀብሎ ወጣ። አይ ሰው! የኮች ራንዲ ቢሮ ከኮምፕሬሰሩ ክፍል ሃያ እርምጃ አይሞላም ነበር። ሃያ እርምጃ መራመድ አቅቶት ሜስኪት ድረስ የነዳ ሰው ምን ይባላል? ፍርሃት ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ወረቀት ሲፈራ የኖረ ሰው ወረቀት የማይፈራበት ቦታ መኖሩን አያምንም።

ከዚያ ወዲህ ጨዋታ ማየት ቀረበት። እረፍት ሲሆን ብቻ ብቅ ይላል፤ በረዶውን ልጦ ተመልሶ ይደበቃል። ልጁ «አባዬ፣ ለምንድነው የማታየኝ?» ሲለው «ማሽኑ እያስቸገረኝ ነው» ይለዋል። እንዴት ያለ መከራ እንደሆነ አስቡት፦ አባት የልጁ ጎል በተሰማ ቁጥር የሚሰረዘውን ይቆጥራል። የገና በዓል ሳይደርስ አሥራ ዘጠኝ ጎል ሆነ። ጋዜጣ ላይ ፎቶው ወጣ፤ የትምወርቅ ቆርጣ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው፤ ጉግሳ ውኃ ለመጠጣት በሩን በከፈተ ቁጥር «ዕድሜ 16» የምትለዋ ታፈጥበታለች። በኅዳር ሚካኤል ሚስቱ ዳቦ ቆርሳ «አሥራ ሰባት ሞላህ የኔ ጌታ!» ብላ ልጁን ስትስመው አባትየው ከማዕድ ተነሥቶ መታጠቢያ ቤት ገባና ቧንቧውን ከፍቶ አለቀሰ።

በጃኑዋሪ ቡናማ ካፖርት የለበሰ ሰው በየጨዋታው እየመጣ ከጥግ ይቀመጥ ጀመር። ከሰሜን የመጣ የጁኒየር ቡድን መልማይ ነበር፤ ጁኒየር ማለት ከኮሌጅና ከታላላቆቹ ሊግ በፊት ያለው ደጃፍ ነው። ለኮች ራንዲ «ይህን ልጅ እፈልገዋለሁ» አለው። ሕዝቅያስ ይህን የሰማ ቀን ቤታቸው ደርሰው ፓርክ ካደረጉ በኋላ «አባዬ፣ እኔ ሌላ ነገር አልፈልግም። ኦንሊ ዚስ» አለ። ጉግሳ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ቀረ።

ፌብሩዋሪ ሲያልቅ ቡድኑ አንድ ጨዋታ ብቻ ቀረው። ያንን ካሸነፈ ወደ አገር አቀፉ ውድድር ያልፋል። የቡድኑን ወረቀት የምትይዘው ሴትዮ ለወላጆች አንዳንድ ገጽ አደለች። የጉግሳ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አሥምራበታለች፦ ለአገር አቀፉ ውድድር ውጭ አገር የተወለዱ ልጆች ዋናውን የልደት ምስክር ወረቀት ያቀርባሉ፤ አስተርጓሚ ያየዋል። አስተርጓሚ! እስከዚያ ቀን ያሳየው የግሪን ካርዱን ቅጂ ነበር። አስተርጓሚ ማለት አማርኛውን የሚያነብ ማለት ነው። ኅዳር 12 ቀን 1984 የምትለዋ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ሣጥን ውስጥ ተኝታ የኖረችው መሥመር፣ አፍ ልታወጣ ነው። የአሥራ ስምንት ልጆች ዓመት ይሰረዛል። ልጁ አጭበርባሪ ይባላል። ከዚያ የጋሽ ወልዴ ፋይል ይከፈታል።

ለሳምንት ያህል ምን ይዋጠኝ ሲል ሰነበተ። ልናገር ይላል፣ አፉ ይታሰራል። ወረቀቱ ጠፋ ልበል ይላል፣ ካዲስ አበባ አስመጣ ይሉኛል ይላል። በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣለት፤ ባይመጣለት በተሻለው ነበር። ቡድኑ ከተሸነፈ ማንም ወረቀት አይጠይቅም። ዓመቱ በሰላም ይዘጋል፤ ባለ ካፖርቱም ልጁን አይቶታል፣ አንድ ሽንፈት ምንም አያመጣበትም። ጨዋታው ደግሞ እዚሁ ነው። በራሱ በረዶ ላይ።

ቅዳሜ፣ ማርች ሰባት። ሁዳዴ ገብቷል፤ ውጪው ገና በጠዋቱ ይሞቃል። ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ጉግሳ በአራት ሰዓት ኮምፕሬሰር ክፍል ገባ። ከሁለቱ አንዱን ዘጋ። የጨው ውኃውን ሙቀት በአምስት ዲግሪ ከፍ አደረገው። የአዳራሹን እርጥበት የሚመጠውን ማሽን አጠፋ። ከዚያ መኪናውን አውጥቶ፣ ስስ አድርጎ ማልበስ ሲገባው ውኃውን አወፍሮ ለቀቀው። በሥራ ዘመኑ ሁሉ እንዲህ ያለ በረዶ ሠርቶ አያውቅም። ሲጨርስ በረዶው እንደ ወትሮው አያበራም፤ ላብ የያዘው ግንባር መስሎ ነበር። ቅዱስ ሚካኤልን ሊለምን አሰበ፤ ለልጁ ሽንፈት መጸለይ ግን አፉ እንቢ አለው።

ጨዋታው ሲጀመር ነገሩ እንዳሰበው ሆነ። ፓኳ አልንሸራተት አለች፤ ትነጥራለች፣ ትቆማለች። የሁለቱም ቡድን ልጆች ጭቃ ውስጥ የገቡ ይመስል አቃሠቱ። ዳኛው በመጀመሪያው እረፍት መጥቶ «ምን ሆኗል በረዶህ?» አለው። «ኮምፕሬሰሩ ታመመ፤ እየሠራሁት ነው» አለ ጉግሳ። ሥራ አስኪያጁም መጣ፤ ለእሱም ያንኑ ደገመለት፤ በመዝገቡም ላይ ያንኑ ጻፈ። ስድስት ዓመት ያመኑት ሰው ነው፤ ማን ይጠረጥረዋል?

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ አንድ ለአንድ ነበሩ። ጉግሳ እታች መቆየት አቃተውና የመኪናው መውጫ በር አጠገብ መጥቶ ቆመ። ከጥቅምት ወዲህ ልጁን ሲጫወት ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ረዝሟል። ትከሻው ሰፍቷል። ፓኳን ከራሱ በረኛ ኋላ አነሣና ጀመረ። አንዱን አለፈ። በዚያ ቡኮ በሆነ በረዶ ላይ ሁለተኛውን አለፈ። ሦስተኛው ሲመጣበት በእግሩ መሐል አሳልፎ ከወዲያ ተቀበላት። ጉግሳ ሁሉንም ረሳ፤ ልደቱንም፣ ወረቀቱንም፣ ገዛ እጁ የሠራውንም። መስታወቱን በቡጢ መታና «ሂድ ሕዝቅያስ! ሂድ!» ብሎ ጮኸ።

ልጁ ወደ ጎሉ ሊታጠፍ ግራ እግሩን ተከለ። የጫማው ስለት የተቦረቦረ ቦታ አገኘና እስከ ሶሉ ሰመጠ። ሰውነቱ ዞረ፤ እግሩ አልዞረም። ድምፁ እመቀመጫው ድረስ ተሰማ። ወደቀ፤ ጉልበቱን አቅፎ በረዶው ላይ ተጠቀለለ፤ የጮኸው ጩኸት ደግሞ የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ሳይሆን የሕፃን ጩኸት ነበር። ቃሬዛ መጣ። ከዚያ በኋላ የቀሩት ልጆች ልባቸው አልነበረም፤ ሁለት ለአንድ ተሸነፉ። ጉግሳ የፈለገውን አገኘ።

ሐኪሙ ሁለት የጉልበት ጅማት ተበጥሷል አለ። ቀዶ ጥገና፣ ከዚያ ቢያንስ አንድ ዓመት። እንደ ድሮው ይሆናል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ቀና ብሎ አላየም። የትምወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ጉግሳ አጠገቧ ቆሞ ነበር፤ ማንም እንዳያጽናናው እየፈራ።

በአሥረኛው ቀን ኮች ራንዲና ባለ ካፖርቱ ቤታቸው መጡ። ሕዝቅያስ ሶፋው ላይ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ተኝቷል። የትምወርቅ ሻይ አቀረበች። ባለ ካፖርቱ ልጁን አይዞህ አለው፤ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የልጁን ስም ለሚቀጥሉት ዓመታት መመዝገብ ይፈልግ እንደሆነ ለራሱም የቆረጠለት አይመስልም ነበር። «ለማንኛውም» አለ፣ «ልደቱ ማርች አሥራ ሁለት ዘጠና ሁለት ነው አይደል?»

ጉግሳ «አይደለም» አለ።

ሁሉም ዞረው አዩት። ከዚያ አፈሰሰው። ኅዳር ሚካኤልን፣ ፖስታ ቤቱን፣ ስምንት የደመረበትን፣ ማዘጋጃ ቤቱን፣ በጥቅምት ከዴል የሰማውን፣ ቀይ እስክሪብቶውን። በተሰበረ እንግሊዝኛው፣ ላብ እያጠመቀው፣ ኖቬምበር ሃያ ሁለት ዘጠና አንድ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጁ አያውቅም አለ። የትምወርቅ የሻይ ትሪውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ጉግሳ እጁን አጣምሮ ፍርዱን ጠበቀ።

ባለ ካፖርቱ ትከሻውን ነቀነቀ። «እኛ እስከ ሃያ ዓመት እናጫውታለን። ዘጠና አንድ ሆነ ዘጠና ሁለት ለእኔ ምኔ ነው?»

ኮች ራንዲ ግን ግንባሩን በመዳፉ ይዞ ነበር። «ጉግሳ፣ በጥቅምት ለምን አልነገርከኝም? ከውጭ የመጡ ልጆች ላይ በየዓመቱ ያጋጥመናል። አንድ ገጽ ነው የምንሞላው። የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ይሰረዙ ነበር፣ በቃ፤ እሱ በማግሥቱ ከትልልቆቹ ጋር ይጫወት ነበር።» ትራሱ ላይ የተሰቀለውን እግር አየና፣ «ትልልቆቹ ዓመቱን ሙሉ ተከላካይ አጥተው ነበር» አለ።

ባለ ካፖርቱ ወረቀቱን መልሶ አጠፈና ኪሱ ከተተው። ጉልበቱ ሲድን ኮል አድርገኝ ብሎ ልጁን ጨበጠው። ይህን የሚለው ለጨዋነቱ እንደሆነ ክፍሉ ውስጥ ያልገባው ሰው አልነበረም። እንግዶቹ ሲወጡ የትምወርቅ የሥራ ጃኬቷን አንሥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ጉግሳ ሶፋው አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፤ እጁን በፋሻ በተጠቀለለው እግር ላይ አኖረ።

«ኢትስ ኦኬ፣ አባዬ» አለ ሕዝቅያስ፤ ያጽናናው እሱ ነበር። «ቀኑ ያንተ ሚስቴክ ነው፣ ባት ሆን ብለህ አላደረከውም። አይ አም ኖት ማድ።»

ጉግሳ የፋሻውን ጫፍ አስተካከለ።

«አይሱ ብቻ ነው እኔ ባድ ላክ የሆነብኝ። ያን ቀን በጣም ሶፍት ነበር። ኮች ራንዲ ነገረኝ፣ ኮምፕሬሰሩ ተበላሽቶ ነበር አይደል? አንተ ለማስተካከል ትራይ እያደረክ ነበር።»

«አዎ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ዳኛው አምኗል፤ ሥራ አስኪያጁ አምኗል፤ መዝገቡም ያንኑ ይላል። ልጁ ቃሉን አዘጋጅቶ እጁ ላይ አስቀምጦለታል፤ እንዲህ ያለ ምሕረት ለሰው በቀላሉ አይገኝም።

«አልተበላሸም» አለ ጉግሳ። «እኔ ነኝ አንዱን የዘጋሁት። እንድትሸነፉ ብዬ።»

ሕዝቅያስ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እግሩን ከአባቱ እጅ ሥር ሊያወጣ ሞከረ፤ አልቻለም። ጉግሳ እጁን ራሱ አነሣ።